«ተያዘ» በእንግሊዝኛ ስንት ነው? ስታክ፣ ትራፕት፣ ኮት፣ ኢንታንግልድና ዘመዶቻቸውን ለይቶ የመጠቀም መመሪያ

ከኩታበር ወደ ገጠር በሚያስገባው ጥርጊያ መንገድ ላይ አይሱዙ ጭቃ ያዘው እንላለን። በሐይቅ ቆሮሶ በመረብ ተያዘ፣ በደሴ ሰኞ ገበያ ኪስ አውላቂ ተያዘ፣ በመናኸሪያው አውቶቡስ ውስጥ ወንበሩ ተይዟል፣ ቤት የቀረው ልጅ ደግሞ በጉንፋን ተያዘ እንላለን። አምስቱንም አንድ ግሥ ተሸክሟቸዋል፣ አድማጭም አይደናገርም። እንግሊዝኛው ግን ለአምስቱ አንድ ቃል የለውም፤ የመጀመሪያው ስታክ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ኮት፣ አራተኛው ቴክን ናቸው፤ አምስተኛው ደግሞ ጭራሽ ተገልብጦ ልጁን ያዢ፣ ጉንፋኑን ተያዢ ያደርገዋል፦ «ሂ ኮት ኤ ኮልድ»። ደሴ ላይ እንግሊዝኛ ሳስተምር ተማሪዎቼ በብዛት የሚሳሳቱት ከባድ ቃል ባለማወቅ አይደለም፤ አንዱን የአማርኛ ግሥ ይዘው አንድ የእንግሊዝኛ አቻ በመፈለግ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚጀምረው ከአማርኛው ነው።

የመጀመሪያው እርምጃ፦ የአማርኛውን ግሥ መፍታት

ዓረፍተ ነገሩን ወደ እንግሊዝኛ ከመውሰዳችሁ በፊት ግሡ በዚያ ቦታ ምን ማለቱ እንደሆነ በሌላ የአማርኛ ቃል ተኩት። «ተያዘ» ስትሉ ተቀረቀረ፣ ተሰነቀረ፣ ተጠላለፈ፣ ሰመጠ፣ ታሰረ፣ ተከበበ፣ ወይስ ሰው አለበት ማለታችሁ ነው? ምትኩ ከተገኘ የእንግሊዝኛው ቃል ግማሽ መንገድ መጥቷል ማለት ነው።

ከሁሉም ይበልጥ ጥንቃቄ የሚፈልገው «ጠመደ» የሚለው ግሥ ነው። ገበሬው በሬ ይጠምዳል፤ አዳኝ ወጥመድ ይጠምዳል፤ አለቃ ሠራተኛውን ይጠምዳል፤ ሰውም በሥራ ይጠመዳል። መዝገበ ቃላት የገለጠ ተማሪ መጀመሪያ የሚያገኘው «ትራፕ» የሚለውን ነውና አራቱንም በእርሱ ይጽፋል። ይሁንና በሬ መጥመድ «ዮክ» ነው፤ «ዘ ኦክስን ወር ትራፕት» ብሎ የጻፈ ሰው እንግሊዛዊ አንባቢውን በሬዎቹ ጉድጓድ ገብተው ይጮኻሉ ብሎ እንዲያስብ ያደርገዋል። «አለቃዬ ጠምዶኛል» የሚለው «ሂ ሃዝ ኢት ኢን ፎር ሚ» ይሆናል። «በሥራ ተጠምጃለሁ» የሚለው ደግሞ «አይ አም ታይድ አፕ አት ወርክ» ወይም በቀላሉ «አይ አም ቢዚ» ነው። «አይ አም ትራፕት ኢን ማይ ወርክ» ካላችሁ ሥራችሁ እስር ቤት ሆኖባችሁ መውጫ እንዳጣችሁ ነው የሚሰማው፤ ለቅርብ ወዳጅ ብሶት ሲነገር ያስኬድ ይሆናል፣ ለቀጣሪ በሚጻፍ ደብዳቤ ግን አያስኬድም። ከአራቱ በእውነት የ«ትራፕ» የሆነው የአዳኙ ብቻ ነው፦ «ሂ ሴት ኤ ትራፕ»።

ሁለተኛው እርምጃ፦ የቆመው ነገሩ ነው ወይስ የተዘጋው መውጫው?

የጉዳዩ እምብርት እዚህ ላይ ስለሆነ ብዙ እንቆይበታለን። «ስታክ» እና «ትራፕት» ብዙ ጊዜ ጎን ለጎን ይገኛሉ፣ የሚመልሱት ጥያቄ ግን ይለያያል። «ስታክ» የሚናገረው ስለ መንቀሳቀስ ነው፤ ነገሩ ባለበት ቆሟል፣ ወደፊትም ወደኋላም አይልም። «ትራፕት» የሚናገረው ስለ መውጫ ነው፤ በውስጥ ያለው ሊንቀሳቀስ ይችላል፣ ዙሪያው ግን ተዘግቶበታል።

ልዩነቱን ከስዊዝ ቦይ የተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘሁም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ኤቨር ጊቨን የተባለችው 400 ሜትር የምትረዝም መርከብ ቦዩ ላይ አግድም ተጋድማ ለስድስት ቀን ያህል ስትቆም ጋዜጦች የመረጡት «ስታክ» የሚለውን ነበር። አፍንጫዋ አሸዋው ውስጥ ተተክሎ ነበርና መንቀሳቀስ አልቻለችም። በዚሁ ቦይ እ.ኤ.አ. በ1967 በአረቦችና በእስራኤል ጦርነት ጊዜ 15 መርከቦች በጉዞ ላይ ሳሉ ቦዩ በሁለቱም ጫፍ ተዘጋባቸውና እስከ 1975 ድረስ ለስምንት ዓመት እዚያው ቀሩ። አብዛኞቹ በታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ ይንሳፈፉ ነበር፤ አሸዋ የነካቸው አልነበሩም፣ ያጡት መውጫውን ነው። ስለ እነርሱ ሲጻፍ የምታገኙት ቃል «ትራፕት» ነው።

ከዚህ ልዩነት የሚከተል አንድ ደንብ አለ። «ትራፕት» አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው መውጣት ስለሚፈልግ ወይም በተፈጥሮው ሊወጣ ስለሚገባው ነገር ነው፦ ሰው፣ እንስሳ፣ አየር፣ ውሃ፣ ሙቀት። በደላንታ ኦፓል ፍለጋ ዋሻ የገቡ ወጣቶች አፈር ቢደረመስባቸው «ትራፕት አንደርግራውንድ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2010 በቺሊ 33 የማዕድን ሠራተኞች ለ69 ቀን ከመሬት በታች ሲቆዩ ዓለም የተናገረው ይህንኑ ቃል ነው። ቁልፍ ግን ቀዳዳው ውስጥ ቢቀረቀር መውጣት አማረው አይባልምና «ዘ ኪ ኢዝ ስታክ» ነው፤ መሳቢያም፣ ዚፕም፣ ብርጭቆ ውስጥ ብርጭቆም እንዲሁ። የቆሮሶ አጥንት ጉሮሮ ላይ ሲሰነቀር «ኤ ቦን ኢዝ ስታክ ኢን ማይ ስሮት» ይባላል፤ ሐኪም በካርዱ ላይ ሲጽፍ «ሎጅድ» ይለዋል።

ሁለቱ በአንድ ክስተት ሲገናኙ ደግሞ እንዲህ ይሆናል። ደሴ ፒያሳ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ላይ መብራት ቢጠፋና አሳንሰሩ መሐል ላይ ቢቆም፣ «ዘ ሊፍት ኢዝ ስታክ፣ ኤንድ ፎር ፒፕል አር ትራፕት ኢንሳይድ» ብላችሁ ጻፉ። ውስጥ ያለ ሰው ደውሎ «አይ አም ስታክ ኢን ዘ ሊፍት» ቢልም ስሕተት አይደለም፤ ብቻ ነገሩን አቅልሎ፣ ከፍርሃት ይልቅ እንደ መሰላቸት አድርጎ ተናግሮታል። «ትራፕት» ቢል ግን ሰሚው ብድግ ይላል። የቃሉን ክብደት አትርሱ፤ በትራፊክ መጨናነቅ ግማሽ ሰዓት የቆየ ሰው «ስታክ ኢን ትራፊክ» እንጂ «ትራፕት» ማለቱ ማጋነን ነው።

እግረ መንገዴን ስለ ስልክ አንድ ነገር ልበል። እኛ «ስልኬ ስታክ አደረገ» እንላለን፣ ቃሉም ከእንግሊዝኛ የመጣ ስለሆነ እንዳለ የሚመለስ ይመስለናል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ግን እዚህ ቦታ ላይ ይበልጥ የሚሉት «ማይ ፎን ፍሮዝ» ነው፤ ለእነርሱ ስልኩ በረዶ ሆኖ ነው የደረቀው።

ሦስተኛው እርምጃ፦ የያዘው ክር፣ ጭቃ ወይስ ድንጋይ ነው?

እንቅስቃሴ ቆሟል ወይም መውጫ ጠፍቷል ካልን በኋላ የሚቀጥለው ጥያቄ የሚይዘው ነገር ምን ዓይነት ነው የሚለው ነው። እንግሊዝኛ ለያዡ ባሕርይ በጣም ይጨነቃል።

ያዡ ክር፣ ገመድ፣ ፀጉር፣ ሐረግ ወይም መረብ ከሆነ «ታንግልድ» እና «ኢንታንግልድ» ይመጣሉ። እናቶቻችን ጥጥ ፈትለው በልቃቂት ሲጠቀልሉ ልጅ ገብቶ ቢያምሰው፣ ውሉ የጠፋው ክር «ታንግልድ» ነው። እዚህ ላይ የተወሳሰበው ራሱ ክሩ ነው። ጥጃዋ እግሯን በገመዱ ብትጠላለፍ ግን ክሩ ሌላ፣ የተያዘችው ሌላ ናቸውና «ዘ ካፍ ጎት ኢንታንግልድ ኢን ዘ ሮፕ» ይሻላል፤ «ታንግልድ አፕ ኢን» ቢባልም ያው ነው፣ ብቻ የአፍ ንግግር ይመስላል። በባሕር ላይ የዓሣ ነባሪዎች ነገር ልዩነቱን ያጠናክረዋል፤ በአጥማጆች ገመድ የተተበተበው ዓሣ ነባሪ «ኢንታንግልድ» ሲሆን፣ ውሃው ጥሎት ሄዶ አሸዋ ላይ የቀረው «ስትራንደድ» ነው። የፊዚክስ ሰዎችም ሁለት ቅንጣቶች ተራርቀው ሳለ የአንዱ ሁኔታ ከሌላው ተነጥሎ ሊገለጽ የማይችልበትን ትስስር «ኢንታንግልመንት» ይሉታል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት የተሰጠው በዚህ ላይ ለተደረጉ ሙከራዎች ነው። ወጥመድ የለበትም፣ ውሉ ግን አይለይም።

ክሩ ሳይሆን እሾህ ወይም ምስማር ጫፉን ብቻ ከያዘ «ስናግድ» ወይም «ኮት» ይባላል። በጋቢ ቀንጥፋ ያለበት ቁጥቋጦ መሐል ያለፈ ሰው ያውቀዋል፤ ቀንጥፋው ጋቢውን ያዘው እንጂ ሰውየውን አላሠረውም። «ማይ ጋቢ ኮት ኦን ኤ ቶርን» ይባላል። ልብ በሉ፣ ያዢው እሾኹ ሳለ እንግሊዝኛው ጋቢውን ባለቤት አድርጎ ነው የሚናገረው። በር ጣት ሲቀረጥፍም እኛ በሩን እንወቅሳለን፣ እንግሊዝኛው ግን «አይ ኮት ማይ ፊንገር ኢን ዘ ዶር» እያለ ባለ ጣቱን አድራጊ ያደርገዋል። ይህን ቃል በቃል የተረጎመ ሰው «ጣቴን በር ውስጥ ያዝሁት» ብሎ ግራ መጋባቱ አይቀርም። ይህ «ኮት» በብርድ ከምንለብሰው ኮት ጋር በፊደላችን አንድ ቢሆንም በእንግሊዝኛ አፍ አንድ አይደለም፤ የልብሱ «ኮውት» ወደሚል ድምፅ ይዞራል።

ያዡ ጭቃ ወይም ረግረግ ሲሆን የወሎ ሰው ምሳሌ አያጣም፤ በክረምት ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ ሲኬድ የሚታየውን የቦርከናን ረግረግ ማሰብ ይበቃል። ጎማው እየተሽከረከረ ወደ ታች የሚሰምጥ መኪና «ቦግድ ዳውን» ነው። «ቦግ» የሚለው ቃል ለስላሳ ከሚል የአየርላንድና የስኮትላንድ ጌልኛ ቃል የመጣ ሲሆን፣ «ማየርድ» ደግሞ ረግረግ ከሚል የጥንት ስካንዲኔቪያ (ኖርስ) ቃል ተወስዷል። ዛሬ ሁለቱም ከጭቃው ይልቅ ለጉዳይ ነው የሚያገለግሉት፤ ስብሰባ በጥቃቅን ዝርዝር ሲጎተት «ቦግድ ዳውን ኢን ዲቴይልስ»፣ ድርጅት በዕዳ ወይም በቅሌት ሲዘፈቅ «ማየርድ ኢን ዴት» ይባላል። «ማየርድ» የሚነውር ነገር ይጎትታል፤ ማንም በደስታ «ማየርድ» አይሆንም። የእኛ «ከድጡ ወደ ማጡ» የሚለው አባባል ይህንኑ ሥዕል ይዟል፤ ድጥ ያንሸራትታል፣ ማጥ ግን ይውጣል፣ «ማየርድ» የማጡ ነው።

«ስትራንድ» የባሕር ዳርቻ ማለት ነበር፤ መርከብ ዳርቻ ላይ ሲቀር «ስትራንደድ» ተባለ፣ ከዚያም መጓጓዣ ላጣ ሰው ሁሉ ተዛመተ። በሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ ሎሪ ተገልብጦ መንገዱ ቢዘጋና ተሳፋሪዎች ኮምቦልቻ ቢያድሩ «ስትራንደድ ኢን ኮምቦልቻ» ናቸው። በሩ ክፍት ነው፣ ከተማው ውስጥ ይዘዋወራሉ፣ እግራቸውም አልተያዘም፤ የጠፋው መጓጓዣው ነው። «ማሩንድ» የሚለውም ወደዚህ ይጠጋል፣ ግን ደሴት ወይም በውሃ የተከበበ ቦታን ያስባል።

ድንጋይ፣ ግድግዳና ብረት ለሚይዙት ሦስት ቃላት ይበቃሉ። ከላይ ተጭኖት መነሣት ያቃተው «ፒንድ» ነው፤ በሁለት ነገር መካከል የተሸጎጠ «ዌጅድ» ነው፤ ብዙ ነገር በጠባብ ቦታ ተጨናንቆ ወይም የማሽን አካል ተጠላልፎ ሲቆም «ጃምድ» ነው። መስቀለኛ መንገድ ላይ መኪኖች እርስ በርስ ተዘጋግተው ማንም የማያልፍበት «ግሪድሎክ» የሚባለው ቃል እ.ኤ.አ. በ1980 በኒው ዮርክ የትራንስፖርት ሥራ ማቆም አድማ ጊዜ ታዋቂ የሆነ ነው።

አራተኛው እርምጃ፦ ከጀርባው ሰው አለ?

ጭቃ ክፋት የለውም፤ ሰው ግን ያስባል። የያዛችሁ የሰው ብልሃት ከሆነ «ስኔር» እና «ኢንስኔርድ» ይመጣሉ፤ «ስኔር» የገመድ አሽክላ ነው፣ ቃሉም ከስካንዲኔቪያ የመጣ ነው። ለአራጣ አበዳሪ ወይም ለስልክ አጭበርባሪ ሰለባ «ኢንስኔርድ» ሲባል አንባቢ ማታለሉንም አብሮ ይረዳል። «ኢንትራፕ» ደግሞ በሕግ ቋንቋ የተለየ ትርጉም አለው፤ ፖሊስ ወንጀል የማድረግ ሐሳብ ያልነበረውን ሰው ራሱ ገፋፍቶ አስፈጽሞ ሲይዘው «ኢንትራፕመንት» ይባላል፣ በአሜሪካ ፍርድ ቤቶችም የመከላከያ ክርክር ነው። ስለዚህ አይጥ በወጥመድ ስትገባ «ኢንትራፕት» ማለት ጠበቃ መቅጠር ይመስላል።

«ኮርነርድ» ማዕዘን ላይ የተገፋ ነው። «አጣብቂኝ ውስጥ ገባሁ» ስንል ብዙ ጊዜ እርሱን ወይም «ኮት ቢትዊን» የሚለውን ነው የምንፈልገው፤ ሁለት ወገን የሚጎትተው ሰው «ኮት ቢትዊን ሂዝ ብራዘር ኤንድ ሂዝ ዋይፍ» ይባላል።

እዚህ ላይ የምጠነቀቅባቸው ሦስት ቃላት አሉ፤ ሁሉንም «እጁ አለበት» ብለን ስለምንተረጉማቸው። «ኢንቮልቭድ» ገለልተኛ ነው፤ ትምህርት ቤት በመሥራትም በመስረቅም «ኢንቮልቭድ» መሆን ይቻላል። «ኢምፕሊኬትድ» ግን ማስረጃ ወይም ምስክር በጥፋት ሲጠቁመው ብቻ ነው። «ኢምብሮይልድ» በጠብ፣ በክስ፣ በውዝግብ ውስጥ ተዘፍቆ መገኘት ነው፣ ጥፋተኛ ባይሆንም። በላቲን ሥራቸው «ኢምፕሊኬት» ማጠፍና መጠቅለል፣ «ኢንቮልቭ» ደግሞ ማንከባለልና መጠቅለል ስለሆኑ ዘመዳሞች ይመስላሉ፤ ነገር ግን ለሥራ ሲያመለክት «አይ ዋዝ ኢምፕሊኬትድ ኢን ኮሚዩኒቲ ዴቨሎፕመንት» ብሎ የሚጽፍ ሰው የልማት ሥራውን ወንጀል አድርጎ ተናዟል።

ስለ ድር ደግሞ አንድ ማስታወሻ አለኝ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተማሪ ሲተረጉም ድር አይቶ ወደ «ኢንታንግል» ይሮጣል። አባባሉ ግን ያስር ነው የሚለው፣ አያጠላልፍም፤ በእንግሊዝኛ የተለመደው አተረጓጎምም «ታይ አፕ ኤ ላየን» የሚል ነው። የእንግሊዝኛውን ግሥ ከሥዕሉ ሳይሆን ከአማርኛው ግሥ ተነሥታችሁ ምረጡ።

አምስተኛው እርምጃ፦ ቅርጹንና መስተዋድዱን ማስተካከል

ቃሉ ከተመረጠ በኋላ ስሕተቱ ወደ መጨረሻዎቹ ፊደላት ይሸሻል። «ስታክ» የ«ስቲክ» ኃላፊ ቅርጽ ስለሆነ ሌላ ጭራ አይፈልግም፤ «ስታክድ» የሚባል ቃል በዚህ ትርጉም የለም፣ እኛ ዘንድ ግን በፈተና ወረቀትም በቢሮ ደብዳቤም ሞልቷል። «ኮት»ም እንዲሁ ከ«ካች» የመጣ ነው፣ «ካችድ» አይባልም። በአነጋገር ደግሞ «ትራፕት» መጨረሻው ት ነው፤ «ታንግልድ» እና «ፒንድ» ድ ናቸው፤ «ስትራንደድ» እና «ኢምፕሊኬትድ» ደግሞ ከግሡ የመጨረሻ ድ ወይም ት በኋላ ሌላ ክፍለ ቃል ይጨምራሉ።

ሁኔታውን ስትገልጹ «ኢዝ» ወይም «አር»፣ ድርጊቱ የደረሰበትን ቅጽበት ስትገልጹ «ጌት» ወይም «ጎት» ተጠቀሙ፦ «ዘ ትራክ ጎት ስታክ አት ሲክስ፤ ኢት ኢዝ ስቲል ስታክ»።

መስተዋድድ በሥዕሉ ይመራል። ውስጥ ላለ «ኢን»፣ ከበታች ላለ «አንደር»፣ በመካከል ላለ «ቢትዊን»፣ ጫፉን ለያዘው እሾህ «ኦን» ይሆናል። «ኢንታንግልድ» በገመድ ሲሆን «ኢን»፣ ከሰው ወይም ከሌላ ጉዳይ ጋር ሲሆን «ዊዝ» ይወስዳል። «ስታክ ዊዝ» ግን ወጥመድ አይደለም፤ የማትፈልጉት ነገር ወይም ሰው ላያችሁ ላይ ቀረ ማለት ነው፦ ገበያ ሲያልቅ ያልተሸጠ ቲማቲም በእጁ የቀረበት ነጋዴ «ስታክ ዊዝ ዘ ቶማቶዝ» ነው። «ስታክ ኦን» ደግሞ አንድ ጥያቄ ላይ መፍዘዝ ነው፣ «አይ አም ስታክ ኦን ቁጥር ሦስት» እንደሚል ተፈታኝ።

ስለ መውጣት

ገብቶ መቅረት ብቻ ሳይሆን መውጣቱም የየራሱ ቃል አለው። ክር ከሆነ «ዲስኢንታንግል» ወይም «አንታንግል»፣ ከፍርስራሽ ሥር በብዙ ልፋት ከሆነ «ኤክስትሪኬት»፣ በቀላሉ ከሆነ «ፍሪ» ይባላል። «ካም አንስታክ» ግን የሚመስለውን አይደለም፤ በብሪታንያ እንግሊዝኛ ዕቅድ ሳይሳካ ቀረ ማለት ነው።

መለማመጃ

የሚከተለውን ታሪክ በቃል ሳይሆን በወረቀት ወደ እንግሊዝኛ መልሱት። «ጠዋት ከወገል ጤና የተነሣው አይሱዙ ወንዝ ዳር ጭቃ ያዘው። ሹፌሩ ሲገፋ ጃኬቱን ቀንጥፋ ያዘበት። ረዳቱ እግሩ በመኪናውና በድንጋዩ መካከል ተቀረቀረ። ሲመሽ መንገዱ በናዳ በሁለቱም ወገን ስለተዘጋ በሸለቆው ቀሩ። በማግስቱ ባለ ንብረቱና ሹፌሩ በካሳ ተካሰሱ፣ እኔም እንደ ምስክር ገባሁበት።» በቅደም ተከተል የእኔ ምርጫ ቦግድ ዳውን፣ ኮት ኦን፣ ዌጅድ ቢትዊን፣ ትራፕት ኢን፣ ኢምብሮይልድ ኢን እና ኢንቮልቭድ ኢን ናቸው። በመጀመሪያው «ስታክ» የጻፈ አልተሳሳተም፤ በአራተኛው «ስትራንደድ» የጻፈ ግን ናዳው በሁለቱም ወገን መውረዱን እንደገና ያንብብ። በመጨረሻው ላይ «ኢምፕሊኬትድ» የጻፈ ካለ ምስክሩን ተከሳሽ አድርጎብኛል።